ለአደጋ ተጎጂዎች በስልክ መለገስ፦ ከጎንደር ሲታዩ የትኞቹ መንገዶች ይታመናሉ?

ጎንደር ላይ ተቀምጦ ለጃናሞራ ወይም ለጎፋ ተጎጂ ገንዘብ መላክ ዛሬ የባንክ ሰልፍ የማይጠይቅ፣ በእጅ ስልክ የሚያልቅ ጉዳይ ሆኗል። ቀድሞ በእድር ሳጥን፣ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ደጅ፣ በቀበሌ ደረሰኝ ይሰበሰብ ከነበረው እርዳታ ብዙው አሁን በቴሌብር፣ በባንኮች የሞባይል መተግበሪያና በድረ ገጽ በኩል ያልፋል። እዚህ ላይ እነዚህን መንገዶች የምመዝናቸው በፍጥነታቸው አይደለም፤ ፈጣን ያልሆነ የለምና። የምመዝናቸው ገንዘቡ ማን እጅ እንደገባ ሰጪው እንዲያውቅ ምን ያህል ይረዱታል በሚለው ነው። ብዙ ሰው የደኅንነቱን ጉዳይ ከመተግበሪያው ጥንካሬ ጋር ያያይዘዋል። እኔ ግን ነገሩ የሚወሰነው የምስጢር ቁጥሩ ከመግባቱ በፊት ስክሪኑ ላይ በሚወጣው የተቀባይ ስም ነው እላለሁ። ያንን ስም አጉልቶ የሚያሳይ መንገድ ሰጪውን ይጠብቃል፤ የሚሸፍን መንገድ ግን ምንም ያህል ዘመናዊ ቢሆን ሰጪውን ለአጭበርባሪ አሳልፎ ይሰጣል።

ለምን እንዲህ እንደምል ለመረዳት ሐምሌ 2016 ዓ.ም.ን ማስታወስ ይበቃል። በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል፣ ጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ በደረሰው የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከሟቾቹም ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩ ጎረቤቶቻቸውን ለማውጣት ሲቆፍሩ ሁለተኛው ናዳ የወረደባቸው ነበሩ። ያንን የሰማ ሰው ሁሉ እጁ ወደ ስልኩ ሄደ፤ የሒሳብ ቁጥሮችም በየቴሌግራሙና በየፌስቡኩ ተበራከቱ። በዚያው ዓመት እኛው ደጃፍ፣ በሰሜን ጎንደር ዞን ጃናሞራ፣ ጠለምትና በየዳ ወረዳዎች ድርቁ ሰውንም ከብቱንም ጎድቶ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በአፋር አዋሽ ፈንታሌና ዱለቻ አካባቢ ተደጋጋሚው ርእደ መሬት በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ከቀያቸው አፈናቀለ። ለእኛ ለጎንደር ሰዎች እነዚህ አደጋዎች አንድ ዓይነት አይደሉም። ለጃናሞራ የሚሰበስብ ሰው ቢመጣ ደባርቅ ያለ ዘመድ ወይም እዚያ ያስተማረ መምህር ጋር ደውሎ «እንዲህ የሚባል ኮሚቴ አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ስለ ጎፋ ግን የምንጠይቀው ሰው የለንም፤ የምናምነው ስልካችን ላይ የወጣውን ብቻ ነው። ስለዚህ አደጋው በራቀ ቁጥር ማጣራቱ መጥበቅ ሲገባው፣ ብዙ ጊዜ የሚሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ከሩቅ የመጣ ምስል ልብን ይበልጥ ይነካልና ሰው ሳይጠይቅ ይልካል።

ከመንገዶቹ ሁሉ በእኔ ግምት አንደኛ የሚወጣው በባንክ የሞባይል መተግበሪያ በቀጥታ ወደ ተቋም ሒሳብ መላክ ነው። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክን ብንወስድ የሒሳብ ቁጥሩ 13 አኃዝ ያለው፣ አብዛኛውን ጊዜ በ1000 የሚጀምር ነው። ቁጥሩ ሲገባ፣ ገንዘቡ ከመንቀሳቀሱ በፊት የሒሳቡ ባለቤት ስም ይወጣል። ይህች ቅጽበት ከሁሉም ትበልጣለች። ስሙ የሚመጣው በላቲን ፊደል በመሆኑ ግን ብዙ ሰው፣ በተለይም አዛውንቶች፣ ሳያነቡት ያልፉታል። በቅርቡ ፒያሳ አንድ የባንክ ቅርንጫፍ ውስጥ ያየሁት ነገር ይህንን በደንብ ያሳያል። አንዲት እናት ከእድራቸው የተሰጣቸውን ወረቀት ሳይሆን የልጅ ልጃቸው ስልክ ላይ የነበረውን ፖስተር እያሳዩ ለተፈናቃዮች 500 ብር እንዲልኩላቸው ይጠይቃሉ። ገንዘብ ተቀባዩዋ ቁጥሩን አስገብታ ስክሪኑን ወደ እሳቸው አዞረችና፣ «እማማ፣ የሚወጣው ስም የአንድ ሰው ስም ነው፤ የእድሩ አይደለም። ወረቀቱን ይዘውታል?» አለቻቸው። እሳቸውም ከመቀነታቸው ላይ አራት ቦታ የታጠፈ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ አወጡ። ሁለቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን ሲታዩ የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች ይለያያሉ። ፖስተሩ የእድሩን አርማና ፎቶግራፍ እንዳለ ይዞ የሒሳብ ቁጥሩ ብቻ ተቀይሮበታል፤ ቀረብ ብሎ ላየውም የቁጥሩ መስመር ከሌላው ጽሑፍ በመጠኑ የቀጠነ ነበር። «እግዜር ይስጥሽ ልጄ» ብለው ገንዘቡን በደብዳቤው ቁጥር አስላኩ። ያች ሠራተኛ ያደረገችውን፣ ማለትም ስክሪኑን አዙሮ ስሙን ማስነበብን፣ ሁሉም መስኮት ላይ ማየት እፈልጋለሁ፤ ቤት ውስጥ በወላጆቻቸው ፈንታ የሚልኩ ልጆችም ስሙን ጮክ ብለው ቢያነቡላቸው ያው ነው።

የባንኩ መንገድ ሁለተኛ ጥቅሙ ማስረጃው ነው። ዝውውሩ ሲያልቅ «ኤፍቲ» በሚሉ ሁለት ፊደላት የሚጀምር የማመሳከሪያ ቁጥርና ደረሰኙን የሚከፍት አድራሻ በአጭር መልእክት ይመጣል። ይህ ለሰጪው ብቻ ሳይሆን ለሰብሳቢውም ይጠቅማል፤ ምክንያቱም ሐሰተኛ የደረሰኝ ምስል ሠርቶ «እኔ ይህን ያህል ሰጥቻለሁ» የሚል ሰው አይጠፋም። የኮሚቴ ገንዘብ ያዥ የሆነ ሰው በምስል ማመን ትቶ ደረሰኙን ከባንኩ ራሱ ከፍቶ ማየት አለበት። በምስል ብቻ «ገብቷል» ብሎ በየቡድኑ የሚያውጅ ኮሚቴ ከወር በኋላ ሒሳቡ ሳይገጥምለት ሲቀር ንጹሕ ሰዎች ላይ ሐሜት ያስነሳል።

ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ነው። ለእኛ አካባቢ ያለው ትልቁ ዋጋ ኢንተርኔት ሳይፈልግ በ*127# መሥራቱ ነው። በክልላችን ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦ በቆየበት ጊዜ መተግበሪያና ድረ ገጽ ትርጉም አጥተው ስለነበር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የባንኩ መተግበሪያ ከተሻለ ስልክና ከዳታ ጋር የተሳሰረ ሲሆን፣ ቴሌብር ግን አዘዞ ገበያ አትክልት የምትሸጥ እናት በያዘችው ባለ ቁልፍ ስልክም ይሠራል። በተቋም ስም በተከፈተ የመክፈያ ቁጥር በኩል ሲላክም ቢሆን ከባንኩ የማያንስ ማስረጃ ይሰጣል። ጥንቃቄ የሚያሻው ወደ ግለሰብ ስልክ ቁጥር መላኩ ላይ ነው። በ09 የሚጀምር ቁጥር ተጽፎ «ለተጎጂዎች በቴሌብር» የሚል ማስታወቂያ ሲወጣ፣ ገንዘቡ የሚገባው በዚያ ሲም ካርድ ባለቤት የግል ቦርሳ ውስጥ እንጂ የማንም ተቋም ሒሳብ ውስጥ አይደለም። ሰውዬው ቅን ቢሆን እንኳ ስልኩ ቢጠፋ፣ ቢታመም ወይም ከዚህ ዓለም ቢለይ የተሰበሰበውን ገንዘብ የሚያንቀሳቅስ ሌላ ሰው የለም። ስለዚህ የማላውቀው ሰው የግል ቁጥር ላይ ለአደጋ እርዳታ መላክን በምንም ሁኔታ አልመክርም፤ የማውቀው ሰው ከሆነም «ለምን በኮሚቴ ሒሳብ አላደረጋችሁትም?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለበትም።

ቴሌብር ላይ ሌላው መታየት ያለበት የመልእክቱ ላኪ ነው። እውነተኛው የዝውውር ማረጋገጫ 127 ከሚል ላኪ ይመጣል። አጭበርባሪው ግን ከተራ ስልክ ቁጥር፣ የመልእክቱን አጻጻፍ እስከ ነጥቡ ገልብጦ «ለእርዳታ የተላከ ገንዘብ በስህተት እርስዎ ጋር ገብቷል፣ ይመልሱልን» ይላል። የተጎጂ ስም ሲጠራ የሰው ልብ ይራራል፤ ሒሳቡን ሳያይ ከራሱ ገንዘብ ቆርጦ የሚመልስ አለ። መልእክቱን ትቶ ቀሪ ሒሳብን መመልከት ይቀድማል።

የድርጅቶች ድረ ገጾች ግምገማዬ ግን የተደባለቀ ነው። በሀገር ውስጥ እንደ ቻፓ ያሉ የክፍያ አገናኞች በመምጣታቸው አንድ ድርጅት በራሱ ገጽ ላይ «ይለግሱ» የሚል ቁልፍ አድርጎ በቴሌብርም በባንክም መቀበል ችሏል፤ ይህ ደግሞ የሒሳብ ቁጥር በየፖስተሩ ከመገልበጥ ያድናል፤ ያልተጻፈ ቁጥር አይቀየርምና። ችግሩ ገጹ ራሱ እውነተኛ መሆኑን ማወቁ ላይ ነው። የአድራሻውን ፊደላት አንድ በአንድ ማንበብ፣ በተላከልን ማስፈንጠሪያ ከመግባት ይልቅ አድራሻውን ራስ ጽፎ መግባት፣ ገጹ የባንክ ወይም የቴሌብር የምስጢር ቁጥራችንን በራሱ ሳጥን ውስጥ እንድንጽፍ ከጠየቀ ወዲያው መዝጋት ያስፈልጋል። ትክክለኛ የክፍያ ሥርዓት ወደ ቴሌብር ወይም ወደ ባንኩ ያሻግራል፤ ምስጢራችንን ለሦስተኛ ወገን አያስጽፍም። ስሙን የማልጠራው አንድ የእርዳታ ድርጅት ገጽ ላይ ያጋጠመኝ ቅሬታ ግን የሌብነት ሳይሆን የቸልታ ነው። ለአንድ አደጋ ብዬ የሰጠሁት ገንዘብ ማረጋገጫው ላይ «ለአጠቃላይ ሥራ» ተብሎ መጣ፤ በኢሜይል ብጠይቅም መልስ አላገኘሁም። ሰው ለድርቅ ብሎ የሰጠው ለድርቅ መዋል አለበት፤ ድርጅቱ ገንዘቡን ወደ ሌላ ሥራ ማዞር እንደሚችል የሚገልጽ ሐረግ ካለው ከመክፈላችን በፊት በግልጽ ሊያሳየን ይገባል። ቁልፉን ከመጫን በፊት «ለየትኛው ጥሪ ነው?» የሚለው ምርጫ ገጹ ላይ መኖሩን ማየት ከዚያ ወዲህ የምጠነቀቅለት ነገር ሆኗል።

ውጭ ያሉ ዘመዶቻችን በብዛት የሚጠቀሙት ጎፈንድሚ የተባለውን የገንዘብ ማሰባሰቢያ ድረ ገጽ ነው፤ ከአሜሪካና ከካናዳ «ይሄን አምነን እንስጥ ወይ?» የሚሉ ጥያቄዎች ወደ እኛ ስለሚመጡ ለይቶ መናገር ይገባል። መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ኢትዮጵያ ጎፈንድሚ በቀጥታ ገንዘብ ከሚከፍልባቸው አገሮች ውስጥ አለመሆኗ ነው። ስለዚህ ለጎንደር ወይም ለወሎ ተብሎ የተከፈተ ገጽ ሁሉ ገንዘቡ በመጀመሪያ የሚገባው ውጭ አገር ባለ የአንድ ሰው ወይም የአንድ ድርጅት የባንክ ሒሳብ ነው፤ ከዚያ ወደ እዚህ የሚመጣው በዚያ ሰው እምነት ብቻ ነው። ገጹ እስከዚያ ሒሳብ ድረስ ያለውን ጎዳና ይጠብቃል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ ግን በገጹ ላይ አይታይም። በበጎ ጎኑ፣ ማታለል መኖሩ ከተረጋገጠ ለሰጪው እስከ አንድ ዓመት ድረስ ገንዘቡን የሚመልስበት ዋስትና አለው፤ በአሜሪካ ከእያንዳንዱ ስጦታ ላይ የሚቆረጠው የማስተላለፊያ ክፍያም 2.9 በመቶና 30 ሳንቲም ነው፤ ከዚህ በላይ ገጹ የሚጠይቀው ጉርሻ በሰጪው ፈቃድ የሚቀነስ ወይም ዜሮ የሚደረግ ነው። ይህን ያልተረዱ ብዙ ዘመዶች ጉርሻውን ለተጎጂው የሚደርስ መስሏቸው ይተዉታል። ለእኔ ጎፈንድሚ የሚታመነው አዘጋጁ በስሙና በከተማው የሚታወቅ፣ እዚህ የሚረከበው ተቋም በጽሑፉ ውስጥ በስም የተጠቀሰ፣ ቀደም ሲል የሰበሰበውንም በደረሰኝ ያሳየ ሲሆን ነው። «ለሀገሬ ሕዝብ» ብሎ የጀመረና ማን ተረክቦ ለማን እንደሚያከፋፍል ያልጻፈ ገጽ ግን ፎቶው ምንም ያህል ቢያስለቅስ መታለፍ አለበት።

የተቋሙን ማንነት ለማጣራት ሕጉ የሰጠን መሣሪያ አለ፤ እምብዛም ስለማንጠቀምበት ግን ረዘም አድርጌ ልጻፈው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 በዘርፉ የሚሠሩ ድርጅቶች በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ተመዝግበው እንዲሠሩ ይጠይቃል፤ የአስተዳደር ወጪያቸውም ከጠቅላላ ገቢያቸው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይገድባል። ስለዚህ አንድ ድርጅት «የምዝገባ ምስክር ወረቀታችሁን አሳዩኝ» ሲባል ሊቆጣ አይገባውም፤ ገንዘቡ ውስጥ ምን ያህሉ ለቢሮና ለመኪና እንደሚሄድ ሲጠየቅም ሊያንገራግር አይችልም። «መቶ በመቶው ለተጎጂው ይደርሳል» የሚለው ቃል ግን እኔን ከማረጋጋት ይልቅ ያጠራጥረኛል፤ እህል የሚጫነው በነዳጅ ነው፤ መጋዘንም ጥበቃ ይፈልጋል፤ ወጪውን የሸፈነው ሌላ ሰው ካለ ማን እንደሆነ ይነገረን።

የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተ፣ በጎንደርም ቅርንጫፍ ያለው ተቋም ነው። ለርቀት አደጋ በስልክ ከምንሰጣቸው ተቋማት መካከል በእኔ ዘንድ ቀዳሚ የሚያደርገው ስሙ ብቻ አይደለም፤ ጥርጣሬ ያለው ሰው በእግሩ ሄዶ «ይህ የሒሳብ ቁጥር የእናንተ ነው?» ብሎ የሚጠይቅበት በር እዚሁ ከተማችን መኖሩ ነው። ቀይ መስቀሉ ግን ለመሳል ቀላል ስለሆነ ሐሰተኛ ገጾችም ይለጥፉታል። አርማ ማንንም አያረጋግጥም፤ ሒሳቡ ሲገባ የሚወጣው ስም ነው የሚያረጋግጠው።

ሰጪውን የሚያጠምዱት መንገዶች እርዳታ በተጠራ ቁጥር ይመላለሳሉ። የአንድ የታወቀ ሰው ወይም ድርጅት ገጽ በአንድ ፊደል ልዩነት ይከፈትና አዲስ «ልዩ ጥሪ» ይለጥፋል። ተከታዮቹ ጥቂት መሆናቸውን፣ ገጹ በዚያው ሳምንት መከፈቱን፣ የቀድሞ ጽሑፎቹ ስለ ሌላ ነገር መሆናቸውን ያየ ሰው ያመልጣል። ሌላው ደግሞ ደውሎ «ልገሳዎ እንዲመዘገብ በስልክዎ የመጣውን ቁጥር ይንገሩኝ» የሚለው ነው። ያ ቁጥር የሒሳባችን በር መክፈቻ ነው፤ ለመስጠት ምንም ቁጥር ለማንም መንገር አያስፈልግም፤ የባንክ ሠራተኛም፣ የቴሌ ሠራተኛም፣ የእርዳታ ሰብሳቢም አይጠይቀውም። ይህንን ለወላጆቻችን ስንነግር በጥድፊያ ሳይሆን ስልኩን አብሮ ይዞ፣ መልእክቱ ሲመጣ ምን እንደሚመስል አሳይቶ መሆን አለበት፤ «አትንገሩ» ብቻ ብሎ መሄድ ለማን እንደማይነገር አያስረዳቸውም።

የመንደር ኮሚቴዎችን በተመለከተ ጎንደር ያላት ሀብት እድሮቿና ማኅበሮቿ ናቸው፤ ዘመናዊው መንገድ ከእነሱ ጋር ሲጣመር ነው ጥሩ የሚሆነው። አንድ እድር ሦስት ሰዎች በጣምራ የሚፈርሙበት ሒሳብ በእድሩ ስም ከፍቶ፣ ቁጥሩን ማኅተም ባለው ደብዳቤ አስፍሮ፣ ደብዳቤውን በቴሌግራም ቡድኑ አናት ላይ ሰቅሎ ሲያኖረው፣ የገባውንና የወጣውንም በየሳምንቱ ሲለጥፍ፣ ካየኋቸው መንገዶች ሁሉ ይልቅ ያስደስተኛል። ገንዘብ ያዡ ብቻውን አውጥቶ መሄድ አይችልም፤ ሰጪውም ስሙን ለማየት ስልኩ ይበቃዋል፤ ጥያቄ ካለውም ሰብሳቢዎቹን በቀብርና በተዝካር ላይ ያገኛቸዋል። ለጎፋና ለአፋር ሲሆንም እድሮቹ የሰበሰቡትን በአንድነት ወደ ተቋም ሒሳብ ቢያስተላልፉትና የዝውውሩን ደረሰኝ ቢያሳዩ፣ እያንዳንዱ ሰው ለየብቻው ከማያውቀው ፖስተር ላይ ቁጥር ከሚገለብጥ እጅግ ይሻላል። ጨርቃ ጨርቅና ዱቄት መሰብሰቡም ለቅርብ አደጋ ያስኬዳል፤ ለሩቁ ግን የመኪናው ኪራይ ከጭነቱ ዋጋ ሊበልጥ ስለሚችል ገንዘቡ እዚያው አካባቢ ገበያ ላይ ቢውል ለተጎጂውም ለነጋዴውም ይጠቅማል።

ገንዘቡ ተሳስቶ ወይም ተታሎ ከሄደ ደቂቃዎች ዋጋ አላቸው። ከንግድ ባንክ የተላከ ከሆነ 951፣ ከቴሌብር ከሆነ 127 ወዲያው መደወል፣ ከዚያም የማመሳከሪያ ቁጥሩን ይዞ በአካል መሄድ ያስፈልጋል። ገንዘቡ ገና ከተቀባዩ ሒሳብ ካልወጣ የሚያዝበት ዕድል አለ፤ ከወጣ ግን ጉዳዩ የፖሊስ ነው። አጭር መልእክቶቹን፣ የፖስተሩን ምስልና የገጹን አድራሻ ማጥፋት አይገባም፤ ፖሊስ የሚጠይቀው እነሱን ነው። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ደግሞ ፖስተሩን ያጋራውን ሰው ነው፤ እሱም እንደ እኛው ተታልሎ ሊሆን ስለሚችል በቡድኑ ፊት ሳይሆን በግል ደውሎ ነግሮ ፖስተሩን ማስነሣት፣ ትክክለኛውን ቁጥርም ከደብዳቤው ጋር በዚያው ቡድን ውስጥ መለጠፍ ይገባል።